የእግር ልክ

አለምሰገድ መዳፉን ዘርግቶ ከምንጣፉ በላይ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲያደርግ ቆየና የተቀመጠ ሰው ትከሻ ላይ ሲደርስ አቆመው።

«ይህን ታህል ነበረች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቢበዛ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።»

ሸጋው የሾፌሩን እጅ ትክ ብሎ አየው። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅ ምን ያህል ትመዘዛለች ብሎ አሰበና በዓይኑ አንድ ስንዝር ጨመረበት። ሰባት ዓመት። ጥርሷን የምትነቅልበት ዕድሜ።

«መልኳስ?»

«መልኳን ምኑን አየሁት፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ እኮ ነው። የእህትህን ቀሚስ ይዛ ትጎትታለች።» አለምሰገድ ግራ ቀኙን አየት አደረገ። «በል ተው አሁን፣ ሰው እየሰማን ነው።»

ሰው አልሰማቸውም። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ሰው እርስ በርሱ እንጂ ለቅሶኛውን አያዳምጥም። የእድሩ ድንኳን መተማ ዮሐንስ ዳር፣ ከሸጋው ደጅ ላይ ተተክሏል። ሸራው ስንት ለቅሶና ስንት ሠርግ ያየ ስለሆነ ተበሳስቷል፤ ፀሐይዋ በቀዳዳው እየሾለከች በለቀስተኛው ጉልበት ላይ ሳንቲም የሚያካክል ብርሃን ትበትናለች። ሙቀቱ ከንፈር ይሰነጥቃል። ወንዶቹ በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ዘንድሮ ሰሊጡ ቶሎ ይዘራ ወይስ ይቆይ እያሉ ይከራከራሉ፤ አዲስ ሰው ሲገባ ዝም ይላሉ፤ ሲቀመጥ ወደ ሰሊጣቸው ይመለሳሉ። የንፍሮ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

መሀል ላይ ያለው ፎቶ ነው። ሬሳ የለም። የሸጋው ታናሽ እህት ማርያማዊት የሞተችው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ የተቀበረችውም እዚያው። ስለዚህ ሴቶቹ ጠረጴዛ አውጥተው ነጭ ጨርቅ አለበሱና ያላትን አንድ ፎቶ አቆሙበት። የሠርጓ ፎቶ ነው። ባሏ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ቆራጩ ሲቸኩል የተረፈች የእጁ ቁራጭ ግን እስከ ዛሬ ትከሻዋ ላይ አለች።

መርዶው የተነገረው ትናንት ጎሕ ሲቀድ ነበር። ሽማግሌዎቹን እየመሩ የመጡት ሀጅ አብዱረሕማን ናቸው፤ ድንበሩ አጠገብ ልብስና ጫማ የሚሸጡ፣ ቤተሰቡን ከሸጋው አባት ጀምሮ የሚያውቁ ነጋዴ። ማርያማዊት ስልኳ ላይ «ወንድም ጋሼ» ብላ የመዘገበችው ቁጥር ቢደወል ቢደወል አልነሳ ስላለ፣ ከገዳሪፍ የደወሉት ሴትዮ ቀጥለው ያገኙት የሀጅን ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት፣ በአራተኛው ቀን ሞት። ሴትዮዋ ሀጃ ሳጂዳ እባላለሁ አሉ። መስመሩ እየተቆራረጠ አንድ ነገር ጨመሩ። የማርያማዊት አማና እኔ ዘንድ አለ፣ ለሠልስቷ ይዤ እመጣለሁ።

አማና መተማ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያውቀው ቃል ነው፤ አደራ ማለት ነው። ዕቃም አማና ነው፣ ከብትም አማና ነው። ልጅም አማና ነው። ሀጅ አብዱረሕማን ምንነቱን አልጠየቁም፤ ሸጋውም አልጠየቃቸውም። የሚያውቅ መሰለው።

ያወቀው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የአጨዳ ሰሞን ነበር፤ ሰሊጡ ታስሮ ቆሞ ይደርቃል። አለምሰገድ በጭነት መኪናው ከገዳሪፍ ተመልሶ በቀጥታ ማሳው ድረስ መጣና ሸጋውን ከሠራተኞቹ ለይቶ ወደ ሣር ዳሱ ጥላ ወሰደው። ማርያማዊትን ገበያ መሀል እንዳያት ነገረው። አንዲት ሕፃን ቀሚሷን ይዛ «ዩማ፣ ዩማ» እያለች ታለቅሳለች፤ ማርያማዊትም ብድግ አድርጋ አዘለቻት። የአለምሰገድ ዐረብኛ የመኪና ዐረብኛ ነው፤ ኬላ ላይ ይለማመጥበታል፣ ውሃ ይጠይቅበታል፣ ሲሰድቡት ይገባዋል። ዩማ ማለት እማዬ ማለት መሆኑን ግን መተማ ላይ ማንም ያውቃል።

ሸጋውን ያኔ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ማርያማዊት ሸሕዲ ተድራ፣ አራት ዓመት ሳትወልድ ቀርታ፣ መካን ናት ተብላ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ የተመለሰች ሴት ናት። ድንበሩን የተሻገረችውም ሰው አይቶ ከንፈሩን እንዳይመጥጥላት ነው። ለካ ወለደች፣ ብሎ አሰበ፤ አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ጥያቄው ተከታትሎ መጣ። ከማን? ማን ሽማግሌ ልኮ፣ ማን መርቆ? ሲመሽ ደስታው የት እንደገባ አልታወቀም።

በዚያው ሳምንት ደወለች። እንደ ወትሮዋ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስቱ ስለ ታይቱ፣ አብርሃ ጅራ ከተማ ትራክተር ስለሚነዳው ልጁ ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰላት።

«የያዝሽውን ትተሽ ነይ» አላት በመጨረሻ።

«ማን ነገረህ?» አለች።

«ማንም ይንገረኝ። ትተሽ ከመጣሽ ቤትሽ ነው። ካልሆነ ወንድም አለኝ አትበይ።»

«እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል፣ ወንድም ጋሼ?» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። «አልጥልም።»

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ እየደወለች ከረመች፤ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ በዓመት በዓል ብቻ። ሸጋው ስልኩ ሲጠራ አውጥቶ ያየዋል፣ ጠርቶ እስኪያበቃ ይጠብቅና ኪሱ ይከተዋል። ማጥፋት እንኳ አያጠፋውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ታይቱ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ወደ ጓሮ ጠራችው። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ልንል ነው?» አላት ሸጋው። «ሠልስት ዕለት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሴትዮዋ ልጅ ይዘው ሲገቡ። የማን ናት ሲሉኝ?»

«የማርያማዊት ናት ትላለህ።»

«አባቷስ?»

«አባቷ ምን ይሠራልሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ሳታነሳ ስምህን ስትጠብቅ ከረምህ። ጠበቅኸው፤ እንግዲህ ብላው።»

ታይቱ ክንዱን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችው። ገለጉ ከተማ የተዳረችው ልጃቸው ድሮ ትተኛበት የነበረችው ትንሽ የጠፍር አልጋ ከጓዳ ወጥታለች። ላልቶ የነበረው ጠፍር ተጠብቋል፤ በላዩ ቁርበት ተነጥፏል። እንግዲህ ይህች ሴት ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ በየት በኩል ተነስታ ይህን ስትጎትት እንደዋለች እግዜር ይወቅ። ሸጋው ጠፍሩን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። ጠንካራ ነው።

ጥላው ረዘም ሲል ውሃ ሽንት ብሎ ወጣና ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ በጓሮ በኩል ወደ ሀጅ አብዱረሕማን ሱቅ ሄደ። ሀጅ ራሳቸው ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ሱቁን የምትጠብቀው ልጃቸው ረፊቃ ናት፤ ለቅሶኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስታይ ደነገጠች።

«ጋሽ ሸጋው፣ ምን ሆነው ወጡ? ሰው ቢልኩብኝ አመጣልዎት አልነበር?»

«ጫማ ፈልጌ ነው። የሴት ልጅ።»

«የስንት ዓመት?»

«የሰባት።»

«ልኳን አላመጡም?»

«አላመጣሁም።»

«ሰባት ዓመት ስንት ዓይነት እግር አለው መሰለዎት።» ረፊቃ ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ቀጭን ናት ወፍራም?»

ሸጋው አሰበ። «አላውቅም» አለ።

ረፊቃ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ሦስት ዓይነት አውርዳ ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት፤ እሱም ቀይዋን፣ ባለ ዘለበቷን የፕላስቲክ ሰንደል አነሳ። ስትጠቀልልለት፣ ካልሆናት መመለስ እንደሚችል፣ ግን ሳይረገጥበት መሆን እንዳለበት ነገረችው፤ ይህን ለማንም የምትለው ስለሆነ ከአፏ ካመለጣት በኋላ አፈረች።

ልኩን የያዘ ሰው አይቸገርም። ልጁን መሬት ያስረግጡታል፤ የማሽላ አገዳ ሰንጥቀው ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ ለክተው ይቆርጣሉ፤ ስንጥሩን ይዘው ገበያ ይወርዳሉ። የሸጋው እናት ሸሕዲ ገበያ ስትሄድ ሁለት ስንጥር መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር። እንዳይምታታባት የማርያማዊትን ጫፉ ላይ ነከስ ታደርገዋለች። አንድ ዓመት ታዲያ ማርያማዊት እናቷ ዘወር ስትል ስንጥሯን በረዥም ስንጥር ለወጠችው፤ ነክሳም አስመሰለችው። የመጣላት ጫማ ጀልባ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከኋላዋ እየጎተተችው፣ ቷ ቷ እያሰኘች ከረመች። ሸጋው ሲስቅባት፣ «እንዳድግበት ነው» ትለዋለች። እናታቸውም ከዚያ ወዲያ ብልሃቱን ወሰደችው፤ በእግራቸው ልክ በቢላ ጫር ታደርግና አንድ ጣት አልፋ ትቆርጣለች። የቀረው ሰው በልኩ ነው የሚቆርጠው። አንድ ጣት የሚያስበልጠው የእነሱ ቤት ብቻ ነበር።

በሠልስቱ ጠዋት ሸጋው ሲነቃ ሐፍረቱን ፈልጎ አጣው። ፍትሐት ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ የሚያስበው ልጅቷን ነበር። መምጣቷን ፈለገ፤ መፈለጉም ገረመው። ስሟ ምንም ይሁን አይለወጥም ብሎ ወሰነ፣ የዐረብ ስምም ቢሆን። መጀመሪያ አማርኛ አትሰማም ይሆናል፤ ትለምደዋለች። አለቃቀሷ፣ አሳሳቋ፣ ሲቆጧት ዝም አባባሏ የእህቱን ይመስል ይሆናል። ለሁለት ዓመት ደጁን የዘጋባት ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድንኳኑ ባለው መንገድ ላይ፣ በዓለም ላይ የቀረችው ብቸኛ ነገር ሆነች።

ረፋድ ላይ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመች። ሰማያዊ ቶብ የተከናነቡ፣ ወፈር ያሉ ሴትዮ ወርደው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሱዳን ለቅሶ ደራሽ የሚገባው እንዲህ ነው፤ መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሃ የሚባለውን የቁርዓን ጸሎት ይቀራል፣ ለቅሶኛውም ተነስቶ አብሮ ይዘረጋል። ሀጅ አብዱረሕማንና ሌሎቹ እስላሞች ተነስተው ዘረጉ። ክርስቲያኑም ተነሳ፤ ግማሹ ዘረጋ፣ ግማሹ እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቶ ነጠላውን ያዘ። ሸጋው ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወደ ኋላ ያያል። ባጃጇ ባዶዋን ዞራ ሄደች።

ሴትዮዋ እስኪቀመጡ እንኳ አልታገሠም።

«ልጅቷስ?»

ሀጅ አብዱረሕማን ወደ ዐረብኛ መለሱት። ሀጃ ሳጂዳ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አንድ ነገር አሉ።

«የቷ ልጅ ነው የሚሉት» አሉ ሀጅ።

«የማርያማዊት።»

ይህን ሀጅ አብዱረሕማን ወዲያው አላስተረጎሙም። ሸጋውን አዩት፤ ከሸጋው ጎን አንገቱን የሰበረውን አለምሰገድንም አዩት። ማርያማዊት ልጅ እንዳላት ማን እንደነገራቸው ጠየቁ። አለምሰገድ ነው መልሱን የሰጠው፤ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ዩማ ስትላት በጆሮው እንደሰማ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሀጅ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሱዳን ስትመላለስ ምኑን ነው የሰማኸው? እዚያ አገር ሻይ የምትቀዳልህም ዩማ ናት። ያጎረሰችህ ሁሉ ዩማ ናት። እኔ በዚህ ሽበቴ ስንቷን ዩማ ብያለሁ፤ ሁሉም ወልደውኛል ልትል ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ወደ ሳል ለወጠው።

ከዚያ ሀጃ ሳጂዳ ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ሀጅም እየተከተሉ አደረሱ። የሚሠሩት ሕፃናት የሚጠለሉበት ቤት ውስጥ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ያቋቋመው ነው። ወላጅ የሞተባቸው አሉ፣ ወላጅ እያላቸው መንገድ ላይ የጠፉ አሉ። ጦርነቱ ሲመጣ አሥራ አምስት ልጅ የነበረበት ቤት ስድሳ ልጅ ገባበት፤ ከሩቅ አገር መጥተው ይረዱ የነበሩት ሄዱ። ማርያማዊት እስከ ቀትር መናኸሪያ ሻይ ታፈላለች። ከቀትር በኋላ እዚያ ናት፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ቅማል ትለቅማለች፣ ዐረብኛዋ ሲያልቅባት በአማርኛ ታባብላለች። ደመወዝ የላትም። ሙተጠውዓ ነበረች።

እዚህ ቃል ላይ ሀጅ አብዱረሕማን ቆም አሉ። «በነጻ የምትሠራ ማለታቸው ነው። በጎ ፈቃደኛ እንላለን እኛ።»

«ስደት ወጥቶ በነጻ?» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ከልቡ ገርሞት።

እዚያ ድንኳን ውስጥ ካለው ቤተሰብ ድንበሩን ሰው ያላሻገረ አልነበረም፤ የተሻገረ ሰው ደግሞ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ሸጋው «ማን ነገረህ?» ያለችውን አስታወሰ። ያን ቀን በስልኩ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ሲጨቃጨቁ ነበር። እሷ የደበቀችው ያለ ደመወዝ መዋሏን ነው። እሱ ተዪ ያላት አንዲት ልጅ ነው፤ አልጥልም ያለችው ስድሳውን ነው።

«ወልዳ አታውቅም?» አለ፤ የመጨረሻ ጥያቄው ነበር።

ሀጃ ሳጂዳ ሀጅን አልጠበቁም። ከፊቱ ገብቷቸው፣ አልወለደችም እንደማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ወሬው በሴቶቹ በኩል ወደ ቤት ገባ። ጥቂት ቆይቶ አልቃሿ ድምፅዋን አወጣች፤ ሁለት ቀን በደፈናው ስታለቅስላት የከረመችውን አሁን «የስድሳ ልጅ እናት» ብላ ጠራቻት፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ፊታቸው ላይ ግን እፎይታ ነበር። የማርያማዊት ስም ጸዳ። አለምሰገድ ተነስቶ የሸጋውን ጉልበት ነካና ተመልሶ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ሸጋው ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሆን ይመኝ የነበረው ሆነ። እሱ ግን ውስጠኛው ክፍል ያለችውን አልጋ እያሰበ ነበር፤ ያን ጠፍር ማን ያላላዋል።

ሀጃ ሳጂዳ አማናውን አወጡ። ፌስታል ነው። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ የእንጨት መስቀል። ከሁሉ በታች በጨርቅ ቅዳጅ የታሰረ የስንጥር ነዶ ነበር፤ ሴትዮዋ እሱን ሲያወጡ ተሽኮረመሙ።

«ይቅርታ ይጠይቃሉ» አሉ ሀጅ አብዱረሕማን። «ይህ እንጨት ምን እንደሆነ አላወቁም። ሊጥሉት ሲሉ ልጆቹ ከለከሏቸው። የሃይማኖታችሁ ነገር ይሆናል ብለው ይዘውት መጡ።»

ሸጋው ነዶውን ተቀበለ። ስንጥሮቹ አንዱ ከአንዱ ይበላለጣሉ፤ ጣት የሚያህሉ አሉ፣ ስንዝር የሚያልፉ አሉ። አንዱን መዘዘ። ጫፉ አጠገብ በቢላ ተጭሯል፤ ከጭረቱ አንድ ጣት አልፎ ተቆርጧል። ሌላ መዘዘ። እሱም አንድ ጣት አልፏል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ የጥርስ ምልክት አላቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስንጥሮቹን ሲያይ አወቃቸው፤ ጭረቱን የሚያውቅ ግን ሸጋው ብቻ ነበር።

«ሃይማኖት አይደለም» አለ። «የእግር ልክ ነው።»

ተነስቶ ወደ ቤት ገባና ቀዩን ሰንደል ይዞ ተመለሰ። ወሬው ቆመ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ የነዶውን ማሰሪያ ፈታ፣ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ በጫማው ውስጥ ከተረከዙ ወደ ጣቱ ያስተኛቸው ጀመር። የመጀመሪያው አጠረ። ሁለተኛው ተረፈ። አልቸኮለም። ያልሆነውን በግራው፣ ያልሞከረውን በቀኙ ያስቀምጣል፤ ታይቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። አሥራ አንደኛው ልክ ገባ። ጫፉ የጫማውን አፍንጫ ነካ፤ ጭረቱ አንድ ጣት ወደ ኋላ ቀረ። የምታድግበት ቦታ አለው።

የዚህን ስንጥር ባለቤት ያገኟት እንደሆን ሀጃን ጠይቁልኝ አለ። ሀጅ አስተረጎሙ። ሀጃ ሳጂዳ፣ እግሯን እየለካን እናገኛታለን አሉና ጫማውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ሸጋው ወዲያው አልሰጣቸውም። ስንጥሩን ሳያወጣ ጫማውን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ማሰሪያውን በስንጥሩ ላይ አሳለፈና፣ እንዳይጠብቅባት በሁለተኛው ቀዳዳ፣ ዘለበቱን ቆለፈው።